ውሃው ሲሸሽ

ዐርብ ነው፣ የደመወዝ ቀን፤ ሰዓቱ ዐሥር ሞልቷል፤
በፖርትሄላ ወደብ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል።
ጀልባዎች በጭቃው ላይ በጎናቸው ተኝተው፣
እንደ ታመመ ከብት፣ ሆዳቸውን ለነፋስ ሰጥተው።

የሰርዲን ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከጧት ጀምሮ ዝም ብሏል፤
የሚስተር ሮዝዋርን ባርኔጣ ከመንጠልጠያው ወርዷል፤
ካዝናው አፉን ከፍቶ ያዛጋል፤
ውስጡ አንድ ላስቲክና የተሰበረ እርሳስ ይታያል።

አርባ ሴቶች፣ አርባ የጎማ ሽርጥ፣ ጨው የበላው ሰማንያ እጅ፣
በመስኮቱ ሥር ተሰልፈዋል፣ ደጅ ሊጠኑ በባዶ ደጅ።
ሒሳብ ያዧ ላቭዴይ መዝገቡን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣
«ሰውዬው የለም» አለቻቸው፣ ሌላ ቃል አጥታ።

ያን ጊዜ የአገሩ ምላስ ከየአቅጣጫው ተፈታ።
«ከፍ አድርጎ፣ አድርቆ ተወን» አለች ሞርዌና፤
ወደ ተጋደሙት ጀልባዎች ጣቷን ቀስራ ቀና።
እኛ ብንሆን «ሜዳ ላይ ጣለን» ነበር የምንል፤
ሜዳ ያለው በሜዳ፣ ባሕር ያለው በባሕር ይምላል።

«ለተኩላ ወረወረን» አለች ሌላዪቱ።
በዚያ ደሴት ተኩላ ካለቀ ስንትና ስንት መቶ ዓመቱ!
ቃሉ ግን አልሞተም፤ ዛሬም ይናከሳል በየቤቱ።
«እጁን ታጠበ» አሉ ከኋላ።
ይህቺስ ከኛም ቤት አለች፣ ከአንድ ወንጌል ተቀድታ፤
አንድ ገዥ፣ አንድ ሳህን ውሃ፣ አንድ ጧት፣ አንድ ጫጫታ።

«አይጥ ነው! መርከብ ሲሰጥም ቀድሞ የሚዘል አይጥ!»
ዘበኛው ጃጎ ፒፓውን ነቀለ፤
«አይጧን አትስደቧት» አለ።
«እሷ ብትዘልም የዘለለችው ነፍሷን ይዛ ነው፤
የማንንም ደመወዝ አይደለም ያፈሰችው።»

ኬሬንሳ ብቻ ምንም አልተረተችም። የስድስት ወር ልጇን
በላቭዴይ ክንድ ላይ ጥላ፣ እየሮጠች ፈታ ሽርጧን፣
ወደ ባቡር ጣቢያ በረረች፣ ሰውዬውን ልትይዝ፣
ቢያንስ ኮቱን፣ ቢያንስ እጅጌውን ልትጨብጥ።

በነሱ አገር፣ ሌላው ጥሎት የሄደውን ዕዳ የተሸከመ ሰው፣
«ሕፃን ታቅፎ ቀረ» ነው የሚባለው።
ላቭዴይ ቃሉን ታውቀዋለች። ክብደቱን ግን አታውቅም ነበር።
ይሞቃል፤ ያስነጥሳል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም የሹራቧን ክር።

ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። አሰበችው፤ ለምን ይዋሻል?
የእሷም የሁለት ወር ደሞዝ ከዚያው ካዝና ጎድሏል።
ልጁን ለሞርዌና ሰጥቶ፣ ቁልፉን ከምንጣፉ ሥር ጥሎ፣
በዐሥራ አንዱ አውቶቡስ መሄድ፣ «እኔም ተቀጣሪ ነኝ» ብሎ።
አውቶቡሱ መጣ። በሩን ከፈተ። ትንሽ ጠበቀ።
ዘጋና ራቀ።

መጋዘኑን ከፈተች።
ሃያ ሃያ ቆርቆሮ ሰርዲን ለየአንዳንዷ አደለች፤
የቀረውን ጻፈች፦
ስም፣ ሰዓት፣ ሽልንግ፣ ሳንቲም፣
በቀኝ እጇ፤ ግራውን ልጁ አልለቀቀውም።
«ይህ ገንዘብ አይደለም» አለች አንዲት አሮጊት።
«አይደለም፤ ወረቀት ነው» አለች ላቭዴይ፤ «ግን ስምሽ አለበት።»

ሲመሽ ውሃው ተመለሰ። ማንም አልጠራውም።
በቀን ሁለቴ ይተዋቸዋል፤ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።
ጀልባዎቹ ከጭቃው እየተላቀቁ፣ እየቃተቱ፣
አንድ በአንድ ቀና አሉ፣ በየገመዳቸው ተንገላቱ።
«ባሕሩን አምተነዋል» አለ ጃጎ ለራሱ፤
«እሱስ ሲሄድም ያሳውቃል፤ ሰዓት አለው ለመመለሱ።»

ኬሬንሳ በመጨረሻው ባቡር መጣች፣
የአንድ እግሯ ጫማ ተረከዝ የለውም፤ ሰውዬውንም አልያዘች።
ላቭዴይ ደረጃው ላይ ነበረች፣ መዝገቡን ተደግፋ፣
ልጁ ተኝቷል፣ በተከፈተች ትንሽ አፉ።
«አምጪው» አለቻት እናቲቱ።
ላቭዴይ ልትሰጣት ፈለገች፤ እንቢ አለ ክንዷ፣
ደንዝዞ፣
ልጁን እንዳቀፈ፣ እንደያዘ፣
እስኪታዘዝላት ድረስ ጥቂት ቆየ።